ለታናሽ ጀልባ የኤሌክትሪክ ሞተር አመራረጥ

አገራችን ከጣና አንሥቶ እስከ ጫሞ ድረስ ብዙ ሐይቆች ያሏት ስትሆን፣ በሐይቆቹ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በገዛ እጁ በሠራው ጀልባ ነው። የጣና ሰው ደንገል አጭዶና አስሮ ታንኳውን ያበጃል፤ የከተማ ሰው ደግሞ ኮምፔንሳቶ ገዝቶ፣ ቆርጦና አጣብቆ ታናሽ ጀልባ ለመሥራት ይችላል። ጀልባው ካለቀ በኋላ ግን «ምን ይግፋው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መቅዘፍ ያደክማል። የቤንዚን ሞተር ይከብዳል፣ ይጮሃል፣ ነዳጅም ይጠይቃል። የቀረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

እኛም ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ጉዳዩ ስለ ደረሰብን ነው። ዘጠኝ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ሆነን፣ ርዝመቷ 3.6 ሜትር የሆነች የኮምፔንሳቶ ጀልባ ሠርተናል። ለሞተርና ለባትሪ ያዋጣነው ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ጊዜ ግዢ ብቻ ነው። ከዘጠኛችንም ዋና የሚያውቁት አራት ናቸው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ ሲኒማ ራስ ላይ ተቀጣጥረን መርካቶን ከመዞራችን አስቀድሞ ነገሩን ማጥናት ተገቢ መስሎ ታየን። ያገኘነውንም ለሌሎች ጓደኞቻችን እንደሚከተለው እናካፍላለን።

የጽሑፋችን ፍሬ ነገር አስቀድሞ ቢነገር ይሻላል። ሰው ሁሉ ሞተር ሲመርጥ የሚጠይቀው «ስንት ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን «ከሄድኩበት ይመልሰኛልን?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ደግሞ ሞተሩ ሳይሆን ባትሪው ነው።

የሞተሩ ጠባይ

ይህ ሞተር በፈረንጆቹ ዘንድ «ትሮሊንግ ሞተር» ይባላል። ስሙ የመጣው ዓሣ አጥማጆች የመንጠቆአቸውን ክር ከጀልባው ኋላ እየጎተቱ በዝግታ ከሚሄዱበት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ኦ. ጂ. ሽሚት የተባለ ሰው በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ ግዛት በፋርጎ ከተማ ሠርቶ ለገበያ አቀረበው፤ «ሚን ኮታ» የሚለውም የታወቀ ስም ከሚኒሶታና ከዳኮታ ግዛቶች ስም ተውጣጥቶ የተሰጠው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ ማብሪያና መሪ አለው፤ ከዚያ ረዘም ያለ ዘንግ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሞተሩ ራሱ ከዘንጉ ጫፍ ላይ በውሃ ውስጥ ሆኖ ፕሮፔለሩን ያዞራል። ሙቀቱን የሚያበርድለትም ውሃው ነው። ከዚህም የተነሣ ይህን ሞተር ከውሃ ውጭ ለረዥም ጊዜ ማስኬድ ይጎዳዋል።

ለእኛ አገር አንድ ልዩ ጥቅም አለው። የቤንዚን ሞተር በአየር የሚተነፍስ ስለ ሆነ፣ ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር በወጣ ቁጥር ከጉልበቱ 3 ከመቶ ያህል ያጣል። ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,790 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ የሚሠራ የቤንዚን ሞተር በፋብሪካው ከተጻፈለት ጉልበት 18 ከመቶ ያህሉ ይጎድልበታል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ኦክሲጅን ስለማያስፈልገው፣ በጣናም ሆነ በወንጪ ጉልበቱ አይቀንስም።

1ኛ. ክብደት

ሞተር ከመምረጥ በፊት ጀልባው ከነጭነቱ መመዘን አለበት። «ቀላል ነው» ብሎ መገመት አይበቃም። እኛ ያገኘነው ሂሳብ የሚከተለው ነው፤ ጀልባዋ 70 ኪሎ፣ ሁለት ሰዎች 130 ኪሎ፣ ባትሪው 28 ኪሎ፣ ሞተሩ 9 ኪሎ፣ መቅዘፊያ፣ መልሕቅ፣ ገመድና የመንሳፈፊያ ሰደርያ 13 ኪሎ፤ ድምሩ 250 ኪሎ። በእህል በረንዳ ቋንቋ ሁለት ኩንታል ተኩል ማለት ነው።

በደንገል ታንኳ ለሚሠራ ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው። ደንገል ውሃ ስለሚመጥ፣ ጧት የተመዘነው ታንኳ ማታ ያው አይደለም። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በታጨደ ደንገል ሲሆን፣ ጀልባዋ የኋላ ክፍሏ ውሃ ውስጥ እየሰጠመ ከካሪቢያን ደሴቶች ሳትደርስ ቀረች። ስለዚህ በታንኳ ላይ ሞተር የሚያስር ሰው ከደረቅ ክብደቱ ላይ ብዙ ጨምሮ ማሰብ፣ ሞተሩንም በደንገሉ ላይ ሳይሆን ከግራ ቀኝ አቋርጦ በተጋደመ ጠንካራ እንጨት ላይ ማሰር ይኖርበታል።

2ኛ. ግፊት

የነዚህ ሞተሮች ኃይል የሚለካው በፈረስ ጉልበት ሳይሆን በፓውንድ ግፊት ነው። በገበያ የሚገኙት ብዙዎቹ 30፣ 40፣ 45 እና 55 ፓውንድ የሚሉ ናቸው። እስከ 55 ፓውንድ ያለው በአንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ብዙውን ጊዜ 24 ወይም 36 ቮልት ስለሚፈልግ ሁለት ወይም ሦስት ባትሪ ያስገዛል።

የተለመደው ሕግ፣ ግፊቱ ቢያንስ ከጠቅላላው ክብደት 2 ከመቶ ይሁን የሚል ነው። በኩንታል ብንናገረው፣ ለአንድ ኩንታል ሁለት ኪሎ ግፊት ያስፈልጋል። የኛ ጀልባ ሁለት ኩንታል ተኩል ስለ ሆነች 5 ኪሎ ግፊት ይበቃታል፤ አንዱ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ስለ ሆነ ይህ 11 ፓውንድ ነው። ይህ ግን ጸጥ ላለ ውሃ የሚሆን ዝቅተኛው ልክ ነው። ነፋስና ማዕበል ሲመጣ እጥፍ ይፈለጋል፤ ስለዚህ 22 ፓውንድ እንላለን። ከዚህ በላይ ያለው ተራ መጠን 30 ፓውንድ በመሆኑ ለኛ የሚገባን እርሱ ነው።

«55 ብንገዛ አንፈጥንምን?» ብለው የጠየቁን ጓደኞች ነበሩ። ግፊትና ፍጥነት አንድ አይደሉም። የነዚህ ሞተሮች ፕሮፔለር ለዝግታ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ሁሉም ታናሽ ጀልባን የሚያስኬዱት በሰዓት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ነው። ባለ 55ቱ ከባድ ጀልባን በነፋስ ላይ ለመግፋት ይጠቅማል። በታናሽ ጀልባ ላይ ግን ባትሪን ቶሎ ከመጨረስ በቀር ብዙ አይጨምርም፤ ሙሉ ሲከፈት 50 አምፔር ያህል ይስባል፣ ባለ 30ው ደግሞ 30 አምፔር ያህል።

3ኛ. ባትሪ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በመኪና መለዋወጫ ሱቅ «ባትሪ» ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው የመኪና ማስነሻ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ተብሎ ከቀጫጭን የእርሳስ ሰሌዳዎች የተሠራ ነው። ቀስ በቀስ እስከ ግማሹ እየወረደ ደጋግሞ ቢሠራ ሰሌዳዎቹ ይረግፉና ባትሪው ዕድሜው ሳይደርስ ይሞታል። ለጀልባ የሚፈለገው ሰሌዳው ወፍራም የሆነው ዓይነት ነው። በመርካቶ ይህን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ «የሶላር ባትሪ» ብሎ መጠየቅ ነው፤ በፀሐይ ኃይል መብራት የሚያበሩ ቤቶች የሚጠቀሙበት እርሱ ነውና።

የባትሪ መጠን የሚነገረው በአምፔር ሰዓት ነው። 100 አምፔር ሰዓት ያለው የእርሳስ ባትሪ በወረቀት ላይ 100 ቢልም፣ ዕድሜው እንዲረዝም ከተፈለገ ልንጠቀምበት የሚገባን ግማሹን፣ ማለት 50ውን ብቻ ነው። 50ን በ30 አምፔር ብናካፍል 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ በብዛት ሲሳብበት ከተጻፈለት ያነሰ ስለሚሰጥ፣ እኛ የያዝነው 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ብቻ ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብንሄድ፣ ያለን መንገድ በጠቅላላው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ስለ ሊትየም ባትሪ የማይናገር ሰው ጠፍቷል። ወሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባለ 12 ቮልት ዓይነት 100 አምፔር ሰዓት ይዞ ከ10 እስከ 14 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ ከ100ውም 80ውን ሳይጎዳ ይሰጣል። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። አንድ ጠባዩንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የእርሳስ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ሞተሩ ቀስ እያለ ያስጠነቅቃል፣ ሊትየም ግን እስከ መጨረሻው በርትቶ ቆይቶ፣ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ በድንገት ያጠፋዋል። በሐይቅ መካከል ላለ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ከተሰበረ የኤሌክትሪክ መኪና የወጣ ባትሪ እንግዛ የሚለውን ሐሳብ ግን በፍጹም አንመክርም፤ የነዚያ ቮልት በመቶዎች የሚቆጠር በመሆኑ የሚከፍታቸውን ሰው ሊገድሉ ይችላሉ።

ሌላም ነገር አለ። ሞተሩ ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ ሊመጣ ይችል ይሆናል፤ ክብደቱም ይፈቅዳል። ሊትየም ባትሪ ግን በመንገደኛ አውሮፕላን በዚህ መጠን አይፈቀድም። ትርፍ ሆኖ የሚያዝ ባትሪ ልኩ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ 160 ድረስ ይደርሳል፤ የኛው ደግሞ ከ1,200 በላይ ነው። ስለዚህ «ከሞተሩ ጋር ባትሪውንም ላኩልን» ብሎ ለአሜሪካ ዘመድ መጻፍ ከንቱ ድካም ነው።

4ኛ. የመመለሻው ሂሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ያለን 6 ኪሎ ሜትር ነው ብለናል። ይህን በሦስት እንከፍለዋለን፤ አንዱ ሲሶ ለመሄጃ፣ አንዱ ሲሶ ለመመለሻ፣ አንዱ ሲሶ ለክፉ ቀን። እንግዲህ ከዳርቻ የምንርቀው ቢበዛ 2 ኪሎ ሜትር ነው።

ነፋስ ይህን ሂሳብ ያዛባል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ ነፋስ ከኋላዋ ሆኖ 1.5 ቢጨምርላት፣ 2 ኪሎ ሜትሩን በ18 ደቂቃ ትጨርሰዋለች። ስትመለስ ግን ያው ነፋስ ፊት ለፊት ሆኖ 1.5 ይቀንስባታል፤ ያንኑ መንገድ 34 ደቂቃ ይፈጅባታል። መሄዱ ስለ ቀለለው «ገና ብዙ ባትሪ አለኝ» ያለ ሰው የሚያዝነው በመመለሻው ነው። ስለዚህ መነሻው ሁልጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ይሁን። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጧት እንደ መስተዋት የነበረው ውሃ ከቀትር በኋላ ይናወጣል፤ ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ከ5 ሰዓት በፊት ዳር መድረስ ደግ ነው።

ዝግታ ባትሪን እንዴት እንደሚያቆይም ይታወቅ። ውሃ ጀልባን የሚቃወምበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ እጥፍ ያድጋል። ፍጥነታችንን በግማሽ ብንቀንሰው፣ በመርሕ ደረጃ ለአንድ ኪሎ ሜትር የምናወጣው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በተግባር ይህን ያህል አይገኝም፤ በተለይም 5 ደረጃ ብቻ ያለው ማብሪያ በዝግታ ሲሄድ ከኃይሉ ከፊሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ያለ ደረጃ ቀስ እያለ የሚከፈተው ማብሪያ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ገንዘብ ከተረፈ ለትልቅ ግፊት ከመክፈል ለዚህ መክፈል ይመረጣል።

ይህ ሂሳብ በመካከላችን ክርክር አስነሥቷል። ጀልባዋን የሠራናት ለዝዋይ ሐይቅ ሲሆን፣ ከታሪክ ተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ልባቸው ያለው ከቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ነበር። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮንና መጻሕፍት ከአክሱም ወደዚያ መሸሻቸው በትውፊት ስለሚነገር፣ የደብረ ጽዮንን ገዳም ማየት የማይመኝ የታሪክ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ ከባቱ ከተማ ዳርቻ ተነሥቶ ደሴቲቱ ደርሶ መመለስ ከባትሪያችን አቅም እጅግ ያለፈ ነው። ሁለት ባትሪ እንጫን ቢባል ክብደቱ ጨመረ፣ መዋጮውም አልበቃ አለ። ስለዚህ ወደ ደሴቲቱ በሕዝብ ጀልባ ከፍለን እንድንሄድ፣ በገዛ ጀልባችን ግን ከዳርቻ ሳንርቅ እንድንመላለስ ተስማማን። ቅር ያላቸው አሉ፤ ቁጥሩ ግን ለማንም አያዳላም።

5ኛ. ዘንግና ፕሮፔለር

የዘንጉ ርዝመት እንዲህ ይለካል፤ ሞተሩ ከሚታሰርበት ሰሌዳ ጫፍ እስከ ውሃው ወለል ያለው ርቀት፣ ሲደመር 50 ሴንቲ ሜትር። ዘንጉ ቢያጥር ፕሮፔለሩ አየር እየቀላቀለ በከንቱ ይሽከረከራል፤ ቢረዝም ከታች ካለው ድንጋይና ጭቃ ጋር ይጋጫል። ለታናሽ ጀልባ ብዙውን ጊዜ 76 ወይም 91 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ፕሮፔለሩ ሣር የማይጠመጠምበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ ከዚያ ወዲህ ለሞተር ጀልባዎች ሁሉ ጠላት ሆኗል። እምቦጭ ውስጥ ለገባ ጀልባ የሚበጀው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውሃ አውጥቶ፣ በመቅዘፊያ መውጣት ነው እንጂ ማብሪያውን ጨምሮ መታገል አይደለም።

ከሣርም ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ለዓሣ መረብ ነው። የናይለን ክር ከፕሮፔለሩ ኋላ ገብቶ ከተጠመጠመ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ይህ የኛ ጉዳት ነው። የተቆረጠው መረብ ግን የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ለሽርሽር የወጣ ተማሪ የዓሣ አጥማጁን ተንሳፋፊ ምልክት አይቶ በሩቁ መዞር ግዴታው ነው።

6ኛ. ሽቦና ፊውዝ

30 አምፔር ቀላል ነገር አይደለም። ለቤት መብራት የሚዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ሽፋኑም ይቀልጣል። ከባትሪው እስከ ሞተሩ ድረስ ሽቦ የሚቀጠል ከሆነ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ያለው ይሁን፤ ርዝመቱም ይጠር። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ይደረግ፤ መጠኑም በሞተሩ መጽሐፍ የተጻፈው እንጂ በግምት የተመረጠ አይሁን። ባትሪው በሣጥን ተከቶ፣ ከጀልባው መካከል ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ 28 ኪሎ ዕቃ በማዕበል ላይ ቢንሸራተት ጀልባውን ይገለብጣል። የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚወጣው፣ በዶርሚተሪ አልጋ ሥር አስቀምጦ ማታ ማታ ቻርጅ ማድረግ የሚያስቡ ጓደኞቻችን ሐሳባቸውን እንዲለውጡ እንለምናለን።

በገበያ ላይ

ሲኒማ ራስ አካባቢ ተገናኝቶ ወደ መርካቶ የሚገባ ገዢ የሚከተለውን ይዞ ይግባ። አንደኛ፣ የጀልባውን ጠቅላላ ክብደትና የዘንጉን ልክ የጻፈበት ወረቀት። ሁለተኛ፣ ቮልት የሚለካ ቴስተር፤ ቻርጅ ሆኖ ያረፈ የእርሳስ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያህል ማሳየት አለበት፣ 12.2 ካሳየ በግማሹ ነው። ባትሪው ላይ የታተመውንም የተሠራበትን ቀን ማንበብ አይርሳ፤ በመደርደሪያ ላይ የከረመ የእርሳስ ባትሪ ሳይሠራ ያረጃልና። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ያገለገለ ከሆነ ውሃ የሞላበት በርሜል ውስጥ ተነክሮ ሲዞር ካልታየ ገንዘብ አይከፈልም። አራተኛ፣ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ግፊት የሚጠራጠር ሰው፣ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ጀልባውን በሚንጠለጠል ሚዛን ከዛፍ ጋር አስሮ ሞተሩን ይክፈት፤ ባለ 30 ፓውንዱ 13 ኪሎ ተኩል ያህል መጎተት ይገባዋል።

የመኪናን የዝናብ መጥረጊያ ሞተር አውልቀን ከሶማሌ ተራ በርካሽ እንሥራው የሚሉም አሉ። መሞከሩ ለትምህርት መልካም ነው። ነገር ግን የመጥረጊያ ሞተር በደቂቃ ጥቂት አሥር ጊዜ የሚዞር ሲሆን፣ ለፕሮፔለር የሚያስፈልገው ከዚያ እጅግ የፈጠነ ነው። ውሃ እንዳይገባበት አድርጎ መዝጋቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከመዋኛ ገንዳ በላይ ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ ነፍስን ለእርሱ አደራ መስጠት አይገባም፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት እስከ 87 ሜትር እንደሚደርስ ማስታወስ ይበቃል።

በመጨረሻም፣ መዋጮን ስናከፋፍል ከሁሉ በፊት የሚገዙት የመንሳፈፊያ ሰደርያዎች ይሁኑ፤ ለያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ አንድ። ቀጥሎ ጥንድ መቅዘፊያ፣ ቀጥሎ ባትሪ፣ በስተመጨረሻ ሞተር። ይህን ተራ የገለበጠ ቡድን ትልቅ ሞተር ይዞ ዳር ላይ ይቀመጣል፤ ወይም ከዚህ የከፋው ይደርስበታል። በዚህ ጉዳይ የተሻለ ሐሳብ ወይም የተሻለ ሂሳብ ያለው ጓደኛ ጽፎ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ቢሰጥ፣ በሚቀጥለው እትም ላይ ለማንበብ እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን።